ኮሌጅ ከመግባታችሁ በፊት ምን ይነበብ? እንዴትስ ይነበብ?

የመጨረሻው ፈተና አልቆ ኮሌጅ እስኪከፈት ባሉት ወራት «ይህን ምዕራፍ አንብብ፤ ነገ እጠይቅሃለሁ» የሚል መምህር የለም። ማርክ የለም፣ የቤት ሥራ የለም። ብዙ ወጣት ይህን ጊዜ በስልክ ይጨርሰዋል። እኔ ግን እንዲህ ያለ የንባብ ጊዜ ዳግመኛ እስኪገኝ ብዙ ዓመት ይፈጃል ብዬ አምናለሁ። ኮሌጅ ከተገባ በኋላ የሚነበበውን የሚወስነው ኮርሱ ነው። አሁን መራጮቹ እናንተ ናችሁ።

ኮሌጅ ገብቶ ግራ የሚጋባ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የእውቀት ማነስ አይደለም። ማንም ሳያስገድደው አንድ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ስለማያውቅ ነው። መምህሩ «እስከ ሐሙስ ምዕራፍ ሦስትን፣ አራትንና አምስትን አንብባችሁ ኑ» ብሎ ይወጣል። ማን እንዳነበበ የሚቆጣጠር የለም፤ ሰማንያ ገጽ የሚሆነው ንባብ ግን ፈተና ላይ ይመጣል። በእነዚህ ወራት የምታነቧቸው መጻሕፍት ለዚህ ያዘጋጇችኋል። ከማታውቁት ሰው ጋር አንድ ክፍል ከመጋራታችሁ በፊትም የሌላውን ሰው ሕይወት ከውስጥ ያሳዩአችኋል። አሰልቺ መጽሐፍ ግን ሁለቱንም አያደርግም፤ ሠላሳኛው ገጽ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ከዚህ በታች የመረጥኳቸው በመጀመሪያ ደረጃ ከእጅ የማይወርዱ ስለሆኑ ነው። ከአማርኛ መጻሕፍት በስተቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ ጊዜያችሁንና ፍጥነታችሁን ለኩ

ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና አሥር ደቂቃ አንብቡ። ስንት ገጽ ሄዳችሁ? አምስት ገጽ ከሆነ በአርባ ደቂቃ ሃያ ገጽ ትጨርሳላችሁ። በቀን ሃያ ገጽ በአሥር ሳምንት 1,400 ገጽ ይሆናል፤ እያንዳንዳቸው 250 ገጽ ያላቸው አምስት መጻሕፍት አልቀው ስድስተኛው ተጋምሷል ማለት ነው። ከዚህ በላይ አታቅዱ። ሃያ መጽሐፍ የሚል እቅድ ያወጣ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ወደ ኋላ ይቀርና ሁሉንም ይተወዋል።

የኮሌጁ ትምህርት የሚሰጥበት ቋንቋ አፍ የፈታችሁበት ካልሆነ ፍጥነታችሁ በግማሽ ቢቀንስ አትደንግጡ። ከመጻሕፍታችሁ ግማሽ ያህሉን ግን በዚያ ቋንቋ አድርጉ። ያልገባችሁን ቃል ሁሉ መዝገበ ቃላት ውስጥ አትፈልጉ፤ በእርሳስ አስምሩበትና እለፉ። ያው ቃል ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ያኔ ፈልጉት። በዚህ መንገድ የሚያዙት በተደጋጋሚ የሚሠራባቸው ቃላት ይሆናሉ፤ ታሪኩም አይቆራረጥም።

2. በማይለቅ ታሪክ ጀምሩ

ለረጅም ጊዜ መጽሐፍ ያልያዘ ሰው በከባድ መጽሐፍ መጀመር የለበትም። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳትነሡ መቀመጥ እንደምትችሉ ለራሳችሁ ማሳየት።

የወንጀል ታሪክ ለዚህ ወደር የለውም። አጋታ ክሪስቲ በ1939 ያሳተመችው «ኤንድ ዜን ዜር ወር ነን» አሥር የማይተዋወቁ ሰዎች ተጋብዘው አንዲት ደሴት ላይ የሚገናኙበት ታሪክ ነው። በየክፍላቸው ግድግዳ ላይ የልጆች ግጥም ተሰቅሏል። እንግዶቹም ግጥሙ በሚለው መንገድ አንድ በአንድ መሞት ይጀምራሉ። ከደሴቷ መውጫ የለም፤ ገዳዩ ከመካከላቸው አንዱ ይሆን? እያንዳንዱን ሰው እየጠረጠራችሁ ማንበብ ራሱ ልምምድ ነው፤ ማን ምን እንዳለ ልብ ማለት ትጀምራላችሁና።

አጭር ከፈለጋችሁ የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም» (1945) አለ። በአብዛኛው እትም ከመቶ ገጽ ብዙም አይበልጥም። የእርሻ እንስሳት ባለቤቱን አባርረው ራሳቸውን ማስተዳደር ይጀምራሉ፤ ሰባት ሕግጋትም ግድግዳ ላይ ይጽፋሉ። ይህን መጽሐፍ ስታነቡ አንድ ነገር አድርጉ፦ ሕጎቹ መጀመሪያ የተጻፉበትን ገጽ እጥፍ አድርጉት። በኋላ አንድ ሕግ ሲጠቀስ ተመልሳችሁ አስተያዩ። እንስሳ አልጋ ላይ እንዳይተኛ የሚከለክለው ሕግ አሳማዎቹ አልጋ ላይ መተኛት ከጀመሩ በኋላ ሲነበብ ስለ አንሶላ የሚያወራ ሐረግ ተጨምሮበት ይገኛል። እንስሳቱ አንድ ነገር ይከነክናቸዋል፤ የድሮውን ግን በትክክል አያስታውሱትም። እናንተ የታጠፈ ገጽ አላችሁ። አንድ ጽሑፍ ሲለወጥ እንዴት እንደሚያዝ ከዚህ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም፤ ኮሌጅ ውስጥም ምንጭን ከምንጭ ማስተያየት የሚባለው ይኸው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሕግ እናውጣ። መጽሐፉ እስከ ሃምሳኛው ገጽ ካልያዛችሁ ተዉት። ያቆማችሁበትን ገጽ ጻፉና ሌላ አንሡ። ማቋረጥ የሚያሳፍረው የተመዘገባችሁበትን ኮርስ እንጂ በገዛ ፈቃዳችሁ የጀመራችሁትን መጽሐፍ አይደለም።

3. ከቤታቸው ርቀው የተማሩ ሰዎችን ሕይወት አንብቡ

ከሁሉም ደረጃ ብዙ ጊዜ ልትሰጡት የሚገባው ይህ ነው። ቤት ለቆ መሄድ ምን እንደሚመስል በምክር አይገባም፤ ያለፈበት ሰው ሲተርከው ግን ይገባል።

የታራ ዌስትኦቨር «ኤጁኬትድ» (2018) በእኔ ምርጫ ከሁሉም ይቀድማል። አይዳሆ ውስጥ በተራራ ሥር ያደገችው ዌስትኦቨር ትምህርት ቤት ሄዳ አታውቅም፤ አባቷ መንግሥትንም፣ ሐኪምንም፣ ትምህርት ቤትንም አያምንም። ለመግቢያ ፈተና በራሷ አጥንታ አለፈችና በ17 ዓመቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ውስጥ ተቀመጠች፤ ያውም ዩኒቨርሲቲ። አንድ ቀን በሥነ ጥበብ ታሪክ ክፍል የማታውቀው ቃል ያጋጥማትና እጇን አውጥታ ትጠይቃለች። ቃሉ «ሆሎኮስት» ነበር። ክፍሉ ጸጥ ይላል። ቀልድ የመሰላቸው አሉ። እሷ ግን ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ስለተፈጁበት ታሪክ በእውነት ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ከክፍል እንደወጣች ኮምፒውተር ፈልጋ አነበበች።

ቀጥሎ የሚመጣው ለኮሌጅ ጀማሪ ከዚህም የበለጠ ይጠቅማል። የዚያው ኮርስ ፈተና ላይ ትወድቃለች። የክፍል ጓደኛዋን ስትጠይቅ የኮርሱ መጽሐፍ ለመነበብ መሆኑን ያኔ ትረዳለች፤ እስከዚያ ሥዕሎቹን ስትመለከት ነበር። መጽሐፉን ማንበብ እንዳለባት የነገራት ሰው አልነበረም። ማንበብ ስትጀምር ውጤቷ ተለወጠ፤ በ2014 ከካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ በታሪክ የዶክትሬት ዲግሪዋን ያዘች። እናንተ የእሷን ያህል እንግዳ ላትሆኑ ትችላላችሁ። ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው የሚመስል፣ እናንተ ብቻ የማታውቁት ነገር በመጀመሪያው ወር ማጋጠሙ አይቀርም። ያን ጊዜ እጇን ያወጣችውን ልጅ አስታውሱ። መጽሐፉ ውስጥ ከባድ የቤት ውስጥ ጥቃት እንዳለበት ግን አስቀድሜ ልናገር፤ አንዳንዱ ገጽ ልብ ይሰብራል።

ሁለተኛው የዊልያም ካምኳምባ «ዘ ቦይ ሁ ሃርነስድ ዘ ዊንድ» (2009) ነው፤ ከብራያን ሚለር ጋር የጻፈው። ማላዊ ውስጥ በ2001 እና 2002 ረሃብ ሲገባ የካምኳምባ ቤተሰብ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ያቅተውና ልጁ ከትምህርት ይወጣል። የ14 ዓመቱ ልጅ ከመንደሩ አነስተኛ ቤተ መጻሕፍት እየሄደ ማንበብ ይጀምራል። «ዩዚንግ ኢነርጂ» የሚል የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ያገኛል፤ ሽፋኑ ላይ የነፋስ ወፍጮዎች አሉ። እንግሊዝኛው ስለከበደው መጀመሪያ ሥዕሉን ያያል፣ ሥዕሉ ላይ ያለውን ቁጥር ይይዝና ያንኑ ቁጥር ጽሑፉ ውስጥ ይፈልጋል፤ ከዚያ ቃሉን ይጠይቃል። ከተጣለ የትራክተር ማራገቢያ፣ ከብስክሌት ክፍሎችና ከፕላስቲክ ቱቦ የነፋስ ወፍጮ ሠርቶ ቤታቸው ውስጥ አምፖል አበራ። ጎረቤቶቹ አብዷል ብለው ነበር። በ2014 አሜሪካ ከሚገኘው ዳርትማውዝ ኮሌጅ ተመረቀ። ከባድ የትምህርት መጽሐፍ ሲያጋጥማችሁ እሱ ያደረገውን አድርጉ፤ ከሥዕሉ ወደ ጽሑፉ ግቡ።

መሳቅ የሚፈልግ የትሬቨር ኖዋን «ቦርን ኤ ክራይም» (2016) ያንብብ። ኖዋ በ1984 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከጥቁር እናትና ከነጭ አባት ሲወለድ ይህ በአፓርታይድ ሕግ የሚያስቀጣ ግንኙነት ነበር፤ የመጽሐፉ ርእስም ከዚያ የመጣ ነው። ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ እናቱ ከሚሄድ መኪና ላይ ገፍትራ ትጥለዋለች፤ ለምን እንደሆነ ስታነቡ ታደንቋታላችሁ። ብዙ ቋንቋ መናገሩ ከየትኛውም ቡድን ጋር እንዴት እንዳገናኘው የሚተርክበትን ክፍል በተለይ ልብ በሉት፤ ከተለያየ አካባቢ የመጣ ተማሪ አንድ ግቢ ውስጥ ሲገናኝ ይኸው ነው የሚያጋጥመው።

4. በአፍ መፍቻችሁ የተጻፈ አንድ ትልቅ ልብ ወለድ

ኮሌጅ ውስጥ ለዓመታት በሌላ ቋንቋ ብቻ ማሰብ ይመጣ ይሆናል። ከዚያ በፊት በራሳችሁ ቋንቋ የተጻፈ አንድ ትልቅ ሥራ ጨርሳችሁ ሂዱ። በአማርኛ ከሆነ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ከማንም አላስቀድምም። ከአምስት መቶ ገጽ በላይ ስለሆነ ብዙዎች ስሙን እየጠሩ ሳያነቡት ያልፋሉ። የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር ሁሉም ይጠቅሳል። ወደ ኮሌጅ የሚሄድ ወጣት ግን ዓይኑን ጉዱ ካሣ ላይ ያድርግ። የሚኖርበትን ሥርዓት እየጠየቀ በሰው ሁሉ እንደ እብድ የሚቆጠር ሰው ነው፤ ንግግሮቹን ቀስ ብላችሁ አንብቡ፣ የሚያቀርበውን ክርክር በራሳችሁ ቃል ጻፉት፣ ከዚያም መልስ ስጡት። አንድ ሐሳብ ማን እንደተናገረው ሳይሆን ምን እንደሚል መመዘን እንዲህ ነው የሚለመደው።

መጠኑ ካስፈራችሁ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከውን ከመጽሐፉ ጋር ጎን ለጎን አዳምጡ። በድምፅ የሰማችሁትን ምዕራፍ በማግስቱ በዓይን ስታነቡት ዐረፍተ ነገሩ የራሱ ዜማ እንዳለው ይሰማችኋል።

የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ አጠር ያለ ሲሆን ጥያቄው ከእናንተ ጥያቄ ጋር ይገጥማል። አበራ ወርቁ የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ ልቡ ግን ያለው ሥዕል ላይ ነው። ቤተሰቡ ቁም ነገረኛ እንዲሆን ይፈልጋል፤ እሱ ደግሞ ውስጡ ያለውን ነገር ለማውጣት ይታገላል። ቤተሰብ የሚመርጠውን የትምህርት መስክና ራሳችሁ የምትፈልጉትን ማስታረቅ ያቃታችሁ እንደሆነ ይህን አንብቡ። መልስ አይሰጣችሁም፤ ጥያቄውን ግን ከነሙሉ ክብደቱ ያሳያችኋል።

በዚሁ መስመር የናይጄሪያዊው የቺኑዋ አቼቤ «ቲንግስ ፎል አፓርት» (1958) ይከተል። ኦኮንኮ የተባለው ኃይለኛ ሰው ኡሙኦፊያ በምትባለው መንደር ያለው ሕይወት፣ ከዚያም ቅኝ ገዢዎች ሲመጡ የሚሆነው ነው። የመጨረሻዋን አንቀጽ ቀድማችሁ አትመልከቱ። ስትደርሱባት ሁለት ጊዜ አንብቧት፤ መጽሐፍ ሙሉ ስታውቁት የኖራችሁት ሰው በሌላ ሰው ብዕር ስንት መስመር ሊሰጠው እንደታሰበ ታያላችሁ። ታሪክን የሚጽፈው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ከዚያች አንቀጽ የተሻለ መግቢያ የለም። አቼቤ ራሱ ዩኒቨርሲቲ የገባው ሕክምና ሊያጠና ነበር። በኋላ ወደ እንግሊዝኛ፣ ታሪክና ሥነ መለኮት ሲዛወር የነፃ ትምህርት ዕድሉን አጥቷል። የመረጣችሁት መስክ ልክ ይሁን አይሁን እያላችሁ እንቅልፍ ካጣችሁ ይህን ማወቁ አይጎዳም።

5. አእምሮ እንዴት እንደሚማር አንድ መጽሐፍ

ይህ ደረጃ በአንድ መጽሐፍ ይበቃል፤ ጥቅሙ ግን በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ላይ በቀጥታ ይታያል። «ሜክ ኢት ስቲክ» (2014) የተጻፈው በሁለት የትውስታ ተመራማሪዎች፣ በሄንሪ ሮዲገርና በማርክ ማክዳንኤል፣ እንዲሁም በደራሲው በፒተር ብራውን ነው። ሮዲገር ከጄፍሪ ካርፒኬ ጋር በ2006 ያሳተመው ጥናት ዋናውን ነገር ያሳያል። ተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች አነበቡ። ከዚያ አንዱን ደግመው አነበቡት፤ ከሌላው ደግሞ ጽሑፉን ሳያዩ የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጠ፤ 81 በመቶ ለ75 በመቶ። ከሳምንት በኋላ ግን ተገለበጠ። ደግመው ካነበቡት 42 በመቶ፣ ለማስታወስ ከታገሉለት 56 በመቶ አስታወሱ።

ፈተና ዋዜማ ላይ ደግመን ስናነብ የገባን የሚመስለን ለዚህ ነው፤ ለአምስት ደቂቃ በእርግጥ ገብቶናል። ይህን መጽሐፍ ስታነቡ ወዲያው ተለማመዱበት። አንድ ምዕራፍ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉ። ባዶ ወረቀት ላይ የምታስታውሱትን ሁሉ ጻፉ፤ ቅደም ተከተሉ ቢዛባም ግድ የለም። ሲያልቅባችሁ ሌላ ሁለት ደቂቃ ታገሡ፤ ብዙ ነገር የሚመጣው ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ክፈቱና የቀራችሁን በሌላ ቀለም ሙሉ። በማግስቱ ወረቀቱን ሳታዩ ከአዲሱ ምዕራፍ በፊት የትናንቱን በሦስት ዐረፍተ ነገር ለራሳችሁ ተናገሩ። መጀመሪያ ላይ ያናድዳል፤ ምንም ያልያዛችሁ ይመስላችኋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ስታነቡ ራሱ አእምሯችሁ «ይህን በኋላ እጽፈዋለሁ» እያለ መያዝ ይጀምራል።

ሒሳብ የሚያስፈራችሁ ከሆናችሁ በእሱ ፋንታ የባርባራ ኦክሊን «ኤ ማይንድ ፎር ነምበርስ» (2014) ያዙ። ኦክሊ በልጅነቷ በሒሳብና በሳይንስ ስትወድቅ የኖረች ናት፤ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥታ ውትድርና ገባችና ሩሲያኛ ተማረች። ሒሳብን ከሥር መማር የጀመረችው በ26 ዓመቷ ነው፤ በኋላ የኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር ሆናለች። ከባድ ጥያቄ ሲያቅት ትቶ መነሣትና እንደገና መመለስ ለምን እንደሚሠራ የምታስረዳበት ክፍል ብቻውን ዋጋ አለው።

6. እንዳትታለሉ የሚያደርግ መጽሐፍ

ኮሌጅ ስትገቡ ሐሳቡን ሊሸጥላችሁ የሚፈልግ ሰው ይበዛል። ከሚከተሉት ሦስት አንዱን ምረጡ።

በጣም ቀላሉ የዳረል ሃፍ «ሃው ቱ ላይ ዊዝ ስታቲስቲክስ» (1954) ነው። በቀጭን ጥራዝ፣ በአስቂኝ ሥዕሎች ታጅቦ፣ አማካይ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚያታልልና የግራፍ ታች ተቆርጦ ትንሹ ለውጥ እንዴት ትልቅ እንደሚመስል ያሳያል። ምሳሌዎቹ አርጅተዋል፤ ዘዴዎቹ ግን ዛሬም በየማስታወቂያው ይሠራባቸዋል። አንድ ነገር ልጨምር። ሃፍ በ1965 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ሲጋራን ከበሽታ ጋር የሚያያይዘውን መረጃ ለማጣጣል፣ የሲጋራ ኩባንያዎችን ጥቅም ደግፎ ተናግሯል። ይህን እያወቃችሁ አንብቡት። መጠራጠርን ያስተማረ ሰው መጠራጠርን መሣሪያ አድርጎ እውነትን ሊሸፍንበት እንደሚችል ማየት ከመጽሐፉ ምዕራፎች እንደ አንዱ ይቆጠር።

የሃንስ ሮስሊንግ «ፋክትፉልነስ» (2018) ደራሲው በ2017 ካረፈ በኋላ የታተመ ነው። መጀመሪያው ላይ ስለ ዓለም 13 ጥያቄዎች ይጠይቃል፤ እያንዳንዳቸው ሦስት ምርጫ አላቸው። መልሱን ከማየታችሁ በፊት ጻፉ። ሮስሊንግ፣ ልጁና ምራቱ በ14 አገሮች ወደ 12,000 ለሚጠጉ ሰዎች ሲያቀርቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ጥያቄዎች ሰዎች በአማካይ የመለሱት ሁለት ብቻ ነበር። ዝም ብሎ በዘፈቀደ የሚመርጥ አራት ያገኛል። የተማሩ ሰዎች እንኳ ከዘፈቀደ በታች የሚሆኑበትን ምክንያት መጽሐፉ አንድ በአንድ ይዘረዝራል።

የካርል ሴገን «ዘ ዲመን ሆንትድ ወርልድ» (1995) ከሦስቱ ረጅሙ ነው። ሳይንስ ለሚማር እመክረዋለሁ፤ ለሌላው ሰው ግን፣ ስለማይታየው ዘንዶ የሚያወራበት ምዕራፍና የማጭበርበሪያ ክርክሮችን የሚዘረዝርበት ምዕራፍ ይበቃሉ።

7. ስለ ገንዘብ፣ በአጭሩ

የራሳችሁን ወጪ መምራት የምትጀምሩ ከሆነ የሞርገን ሃውዝልን «ዘ ሳይኮሎጂ ኦፍ መኒ» (2020) አንብቡ። አጫጭር ምዕራፎች ስላሉት በአንድ መቀመጫ አንድ ሁለቱን ማንበብ ይቻላል። መጀመሪያው ላይ ነዳጅ ማደያ ውስጥ መኪና ሲጠግን፣ በኋላም ጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው በ92 ዓመቱ ሲሞት ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ መተዉ ይተረካል፤ አብዛኛው ለአካባቢው ሆስፒታልና ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ምስጢሩ ትዕግሥት ነበር። ስለ አክሲዮን የሚለውን ለጊዜው ዝለሉት፤ ሰው ለመታየት ሲል እንዴት እንደሚደኸይ የሚለውን ክፍል ግን አትዝለሉ።

8. ከምትገቡበት መስክ አንድ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ያልሆነ

የአንደኛ ዓመቱን የኮርስ መጽሐፍ አስቀድማችሁ ለመጨረስ አትሞክሩ። መስኩን ከውስጥ የሚያሳይ፣ በትረካ የተጻፈ መጽሐፍ ፈልጉ። ለሕክምና፣ በ37 ዓመቱ በካንሰር ያረፈው የነርቭ ቀዶ ሐኪም የፖል ካላኒቲ «ዌን ብሬዝ ቢከምስ ኤር» (2016)። ለኢንጂነሪንግ፣ ድልድይና ሕንፃ ለምን እንደሚፈርስ የሚተነትነው የሄንሪ ፔትሮስኪ «ቱ ኢንጂነር ኢዝ ሂውማን» (1985)። ለሕግ፣ የጠበቃው የብራያን ስቲቨንሰን «ጀስት መርሲ» (2014)። ለኮምፒውተር፣ ከባትሪ መብራት ተነሥቶ እስከ ፕሮሰሰር የሚያደርሰው የቻርልስ ፔትዞልድ «ኮድ» (1999)። መጽሐፉን ስታነቡ ሥራው ራሱ ካሰለቻችሁ ትልቅ መረጃ አገኛችሁ ማለት ነው፤ ከምዝገባ በፊት አስቡበት።

9. አነባበቡን ለኮሌጅ አስተካክሉት

ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይነበባል። መረጃ ሰጪ መጽሐፍ ግን ከመነበቡ በፊት ይፈተሻል። ሞርቲመር አድለር በ1940 ያሳተመውን የአነባበብ መጽሐፉን ከቻርልስ ቫን ዶረን ጋር በ1972 አሻሽሎ ሲያወጣ ይህን አንድ ራሱን የቻለ የንባብ ደረጃ አድርጎ አስቀምጦታል። አሥራ አምስት ደቂቃ ስጡት፦ ማውጫውን አንብቡ፣ መቅድሙን ቃኙ፣ ከመሃል ሁለት ሦስት ገጽ ቅመሱ፣ የመጨረሻዎቹን ገጾች እዩ። ከዚያ «ይህ መጽሐፍ ምን ለማለት ነው የሚሞክረው?» የሚለውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ። ስትጨርሱ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክሉት። ኮሌጅ ውስጥ በአንድ ሳምንት አራት ምዕራፍ ሲከመርባችሁ የትኛውን በጥልቀት፣ የትኛውን በወፍ በረር እንደምታነቡ የሚለየው ይህ ልማድ ነው።

መጽሐፉ የራሳችሁ ከሆነ በእርሳስ ተከራከሩት። የተዋሳችሁት ከሆነ ደብተር ያዙ። ማድመቂያ ቀለም አልመክርም፤ ገጹን ቢጫ ማድረግ ማሰብን አይተካም። በፒዲኤፍ የምታነቡ ከሆነ ስልኩን ከኢንተርኔት አውጡትና ማስታወሻችሁን ወረቀት ላይ ጻፉ።

ያነበባችሁትን ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገሩበት። ወላጆችም እዚህ ላይ ድርሻ አላቸው። «ስንት ገጽ ደረስክ?» ብሎ መጠየቅ ንባቡን ወደ ቤት ሥራ ይለውጠዋል፤ ያንኑ መጽሐፍ አብሮ ማንበብና በባለ ታሪኩ ላይ መከራከር ግን ልጅን ወደ መጽሐፉ ይመልሰዋል። ልጅ የማይስማማበትን ሐሳብ ለአባቱ ለማስረዳት የሚፈልገው ቃል ነገ ሴሚናር ላይ የሚፈልገው ቃል ነው።

ከሻንጣ ጋር የሚሄደው፣ ጊዜም ካጠረ

አንድ መጽሐፍ ሳታነቡት ይዛችሁ ሂዱ፤ የቪክቶር ፍራንክልን «ማንስ ሰርች ፎር ሚኒንግ»። ፍራንክል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር። ከናዚ ማጎሪያ ካምፖች ተርፎ በ1946 መጽሐፉን ሲያሳትም እናቱን፣ አባቱን፣ ወንድሙንና ባለቤቱን አጥቷል። አውሽዊትዝ ሲገባ ኮቱ ውስጥ ሰፍቶ የያዘውን የሳይንሳዊ ሥራውን ረቂቅ እንኳ ተነጥቋል። የመጀመሪያው ክፍል ሰው ሁሉ ነገር ሲወሰድበት ምን እንደሚቀረው የሚተርክ ሲሆን፣ በሁለት ምሽት ያልቃል። ብቸኝነት ሲከብዳችሁ ወይም የመጀመሪያው መጥፎ ውጤት ሲመጣ ክፈቱት። ሁለተኛው ክፍል የሕክምና ንድፈ ሐሳብ ስለሆነ ቢዘገይም ችግር የለውም።

ኮሌጅ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ብቻ ከቀራችሁ ደግሞ ዝርዝሩን ሁሉ እርሱት። በቀን አርባ ገጽ እያነበባችሁ የኦርዌልን በሦስት ቀን ጨርሱ፣ የዌስትኦቨርን ቀጥሉ፣ ከ«ሜክ ኢት ስቲክ» የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች አንብባችሁ የባዶ ወረቀቱን ልምምድ ጀምሩ። የቀረውን በአንደኛው ሴሚስተር እረፍት ታገኙታላችሁ።